ለማይሞተው የተለቀሰ ለቅሶ

እናንተዬ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ የሚመስለው ሰው አጋጥሟችኋል? ጎረቤቴ ጋሼ ታደሰ እንደዚያ ናቸው። በኮቪድ ጊዜ ማን እንደዚያ አልነበረም?

አንድ ቅዳሜ ልጃቸው ሶፋ ላይ ሆና «ሂ ዳይድ!» እያለች ስታነባ ሰሙ። ማን እንደሞተ መጠየቁን ፈርተው እኔን ኮል አደረጉኝ፤ እኔም የእድሩን ዳኛ። የከተማችን የዌስተርቪል ሐበሻ ግማሹ ማስክ አድርጎ ለቅሶ ደረሰ።

ለካ የሞተው መጽሐፏ ውስጥ ያለ ኤልፍ የሚሉት የተረት ፍጡር ነው፤ ጆሮው የሾለ፣ ሺህ ዓመት የኖረ፣ አይሞትም የተባለ!

«እነሱም ይሞታሉ?» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። «ነፍሱስ የት ሄደች?»

«አይ ዶንት ኖው፣ ዳዲ።»

ልንስቅ ስንል፣ በኮቪድ ጊዜ የወንድማቸውን ቀብር በስልክ ስክሪን ብቻ ያዩት እትዬ ዘነበች «ወንድሜን!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ማን ዝም ይበል? ሁሉም የየራሱን ሟች እየጠራ አለቀሰ። ልጅቱም መጽሐፏን ዘግታ ወንበር ታወጣልን ጀመር።