የማይራገጠው ሽጉጥ

ሰው በሰፈረበት ምድር ሁሉ «ምንም አይደል» የሚል አንድ ሰው አይታጣም። ጥርሳችሁን ልትነቀሉ ስትሄዱ መንገድ ላይ አግኝቷችሁ «ምንም አይደል» ይላችኋል። ቤታችሁ ሲቃጠል ባልዲ ይዞ ይደርስና፣ ውሃውን ከመድፋቱ በፊት «ምንም አይደል» ይላል። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተው ናችሁና ጎረቤቶቻችሁን ይቅርታ ጠይቁ።

ለእኛ፣ በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች መሐል ለምንኖረው ለካኒ ክሪክ ሰዎች፣ የታደሉን ክቡር አቶ ቨርሊን ስታምፐር ናቸው። የድንጋይ ካባው ከባድ መኪና ነጂ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወንበር ደርዳሪ፣ እምቢ ያለ የብርኒ ክዳን ሁሉ የሚከፈትላቸው የሸለቆው ባለሥልጣን፣ በዚያ ላይ የታላቅ እህቴ የኦርፋ ባል። ቤተሰብ ነንና ማክበሩ እዚህ ላይ ይብቃኝ፤ ከአሁን በኋላ አንቱታው ቀርቶበታል።

የቨርሊን ንግግር ሲሞላ እንዲህ ነው፦ «ምንም አይደል፣ ቁንጫ ናት!» ተርብ ቢነድፋችሁ ቁንጫ ናት። እግራችሁ ቢሰበር ከፍ ያለች ቁንጫ ናት።

አንድ ዓመት ሆባርት የሚባል ግንድ የሚያህል ሰው ሊጠመቅ ወንዝ ወረደ። እኛ ዘንድ ጥምቀት በወንዝ ነው፤ ወሩ ደግሞ መጋቢት፣ የወንዙ ዳር ገና በረዶ ነበር። ሆባርት ሲያመነታ ቨርሊን ከነሙሉ ልብሱ ዘሎ ገባና ውሃው እስከ ደረቱ ደርሶ «ና ውረድ፣ ቁንጫ ናት!» አለው። ሆባርት አምኖ ወረደ። ሰባኪው ጸሎቱን ሳይጨርስ ሆባርት መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ከፍቶ ተገኘ። ቨርሊን ግን ከንፈሩ እንደ ቀለም ሰማያዊ ሆኖ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «አ-አ-አላልኳችሁም?» ይላል።

ሌላው አመሉ ማሟሸት ነው። በሸለቆው አዲስ የብረት መጥበሻ የገዛች ሴት ሁሉ መጀመሪያ ለቨርሊን ትሰጠዋለች። እሱም የአሳማ ሞራ እየቀባ፣ እሳት ላይ እየጣደ፣ ቤቱን በጭስ እየሞላ፣ እንቁላል የማይዘው ለስላሳ አድርጎ ይመልስላታል። በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። አዲስ ቦቲ ለገዛ ሰው እግሩን በነፃ ያውሳል፤ ውሃ ነክሮት፣ አጥልቆት፣ ቀኑን ሙሉ እያነከሰ ይውልና «አሁን አድርገው» ይላል። ለኦርፋ የፋሲካ ጫማ የተገዛ ጊዜማ ጣቶቹን ሰክቶ ወጥ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ አመሸ። እህቴ ፋሲካን ያሳለፈችው ጫማው ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቃ ነው።

«አዲስ ነገር ሁሉ ክፉ ነው» ይላል ቨርሊን። «ክፋቱን ሌላ ሰው ላይ ሲጨርስ ነው ደግ የሚሆነው።»

እንግዲህ ወደ ሽጉጡ ልምጣ።

ኦርፋ ከነዳጅ ማደያው ጎን ቁርስ ቤት አላት። ጎህ ሳይቀድ ብቻዋን ትከፍታለች፤ የካባው ሠራተኞች ትኩስ ዳቦና የቋሊማ መረቅ በልተው ነው ሥራ የሚገቡት። ቨርሊን በዚያ ሰዓት መኪናውን እየጫነ ስለሆነ አብሯት ሊሆን አይችልም። ከገና ወዲህ አንድ ማለዳ ፊቱን የሸፈነ ሰው ከኋላዋ ገባ። ግድግዳ ላይ አጣብቆ አንገቷን ያዛት፣ ያገኘውን ወሰደና ሄደ። ሰውየው እስከ ዛሬ አልተያዘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ፣ ያቺ አፏ የማያርፍ እህቴ፣ ዝም አለች።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ባል ለሚስቱ ሽጉጥ ይገዛል። ሽጉጡ ባነሰ ቁጥር ፍቅሩ የበዛ ይመስለዋል። ሚስትም አንዴ ትተኩስና እጇን እያራገፈች «አመሰግናለሁ» ብላ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። የካኒ ክሪክ መሳቢያ ሁሉ ቢፈተሽ ከፎጣ ሥር የተኛ ሚጢጢ ሽጉጥ አይጠፋውም።

መሣሪያ መደብሩ ኦርፋ፣ ቨርሊንና እኔ ሆነን ሄድን። ቨርሊን ከመስተዋቱ ሥር ካሉት ሁሉ ትንሿን መርጦ መዳፉ ላይ አስቀመጣት።

«እዩዋት! ላባ ናት እኮ! ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ገብታ መኖሯንም አታውቂ።»

ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀላል ስለሆነች ስትተኮስ ርግጫዋ ይጠናል፣ ጋሼ። ዋንዳ የምትባል ሴት ተኩስ ሜዳ የሚከራዩ ሽጉጦች አሉ፤ እመቤቲቱ መጀመሪያ ቢሞክሩ…»

«ምን ይሞከራል? ሚስቴ የዱቄት ከረጢት በአንድ እጇ ነው የምታነሳው!»

«ታዲያ እንዲህ ጠንካራ ከሆነች ምነው አሻንጉሊት ትገዛላታለህ?» አልኩት።

«ዞላ፣ አንቺ ደግሞ! ለትንሽ እጅ ትንሽ ሽጉጥ። ሂሳብ ነው።»

«ትራገጣለች ወይ?» አለች ኦርፋ ቀስ ብላ።

«ምንም አይደል የኔ ማር፣ ቁንጫ ናት!»

ቤት ስንመለስ፣ ከጎተራው ጀርባ አጥሩ ላይ ቨርሊን ጣሳ ሰቀለላት። እጀታዋ ከማጠሯ የተነሳ የኦርፋ ትንሿ ጣት የምትይዘው አጥታ ተንጠለጠለች። ኦርፋ አቀባበለች፤ ማቀባበሉም ራሱ ትግል ነበር። ቃታውን ስትስብ ሽጉጧ አፈሙዟን ወደ ሰማይ ወርውራ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ያለውን ሥጋ ነከሰቻት። ደገመች። ሦስተኛውን ስትተኩስ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ጣሳው እንደተሰቀለ ቀረ።

«ቁንጫ አልከኝ? አንተ ሰውዬ፣ ቁንጫህ በቅሎ ናት!»

«ትለምጃታለሽ የኔ ማር…»

«ከዚህችስ ሌባው ይሻለኛል!» ብላ ወደ ቤት ገባች። ሽጉጧም እንደ አገሩ ወግ ከፎጣ ሥር ገባች።

በሳምንቱ ወጥ ቤቷ ውስጥ ድንች ስንልጥ፣ ቀና ሳትል «ዞላዬ፣ ቁርስ ቤቱን ልሸጠው ነው» አለችኝ። «በሩን ስከፍት እጄ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉ አልገባ ይለኛል። ያችን ሽጉጥ ደግሞ ከሌባው እኩል ፈራኋት። በምን ልከላከል?»

ያ ቁርስ ቤት እናታችን ጥላልን የሄደችው ነው። ኦርፋ ልጅ የላትም፤ የወለደችውም ያሳደገችውም እሱን ነው። ቨርሊን በሩ ላይ ቆሞ ነበርና ሰምቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ «ምንም አይደል» ሳይል ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ፣ ከሥራ መልስ፣ ከሸለቆው ጫፍ የተኩስ ድምፅ ይሰማ ጀመር።

«ምኑን ነው የምትተኩሰው?» ብዬ ቨርሊንን ስጠይቀው፣

«ጥንቸል ባቄላዬን ፈጀው» አለኝ።

ባቄላው ገና አልተዘራም ነበር። ሰውየው ነካ አደረገው እንዴ ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለግማሽ ሸለቆ አወራሁ። በዚያ ላይ በቤተ ክርስቲያን ሰው በግራ እጁ መጨበጥ ጀመረ። ቀኙ ከኪሱ አይወጣም።

ነገሩ የፈነዳው እሑድ፣ ከስብከት በኋላ ምእመናን አብረው በሚበሉበት አዳራሽ ነው። ባቄላው ቀርቧል፣ የበቆሎ ዳቦው ተቆርሷል፤ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈው የኪያር ብርኒ ግን እምቢ አለ። እንደ ልማዱ እጅ ለእጅ ተላልፎ ቨርሊን ዘንድ ደረሰ። ቨርሊን በግራው ታገለው፣ ጉልበቱ መሐል አደረገው፣ ላብ በላብ ሆነ። ቨርሊን ብርኒ መክፈት ያቃተው ቀን አይተን አናውቅም።

«በቀኝህ አትከፍተውም?» አለ ሆባርት።

«ኪያር አላማረኝም።»

ኦርፋ ብድግ አለች። «አምጣ እጅህን።»

«ምንም አይደል የኔ ማር…»

«ቨርሊን ስታምፐር! እጅህን አልኩህ!»

አወጣው። እንደ ቦካ ሊጥ አብጧል፤ ከአውራ ጣቱ ሥር ቆዳው ተልጦ ጠቁሯል። ወይ ጉድ!

«ምን አድርገህ ነው?»

እግሩን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «ሽጉጧን… እያሟሸሁልሽ ነው።»

«እያ… ምን?»

«አዲስ ስለሆነች ነው የምትከፋው። ክፋቷን እኔ ላይ ትጨርስ ብዬ። ትንሽ ጥይት ነው የቀረኝ፤ እየለሰለሰች ነው እኮ!»

«አንተ ሞኝ! ሽጉጥ ይሟሻል እንዴ?»

«መጥበሻውስ ብረት አይደል?»

ሰባኪው አንገቱን ደፍቶ ሳል ያዘው።

«እውነት ለስልሳለች?» አለች ኦርፋ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ልንገርሽ» አለ ቨርሊን። «እሷ ለስልሳ ይሁን የእኔ እጅ መስማት አቁሞ፣ አላውቅም።»

ኦርፋ ሳቀች። ከገና ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ሳቋን ሳትጨርስ ያበጠውን እጅ ጉንጯ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት ዋንዳ ተኩስ ሜዳ ሄድን። ዋንዳ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ናት፤ የጆሮ መከለያ አድርጋችሁም ድምፅዋ ይሰማል። የሽጉጧን ማነስ ስታይ ከንፈሯን መጠጠች።

«ይቺ ለሚይዛት ቀላል፣ ለሚተኩሳት ከባድ ናት። አንድ ጥይት ተኩሶ ተስማማኝ ማለት ደግሞ ጫማን ተቀምጦ መለካት ነው። ደጋግሚ። ከመተኮስሽ በፊት ዓይንሽ ከተጨፈነ ፈርተሻታል፤ ሌላ አንሺ። ሲያበቃ ደግሞ መልሱን ነገ ጠዋት እጅሽን ጠይቂው።»

ኦርፋ አነሳች፣ ተኮሰች፣ መለሰች። መጨረሻ ላይ አንዲት ጠቆር ያለች፣ ወፈር ያለች፣ መልክ የሚባል ያልፈጠረባት ሽጉጥ ያዘች። እጀታዋ ላይ ትንሿ ጣቷም ቦታ አገኘች። ተኮሰች፤ ሽጉጧ ገፋ አድርጋት ተመለሰች። ደገመች፣ ደጋገመች። ዓይኗ እንደተገለጠ ነው፤ ወረቀቱ ዒላማ መሐሉ ተበሳሳ።

«ይሄማ ጡብ ነው!» አለ ቨርሊን። «ከሽርጥሽ ሥር የት ትደብቂዋለሽ?»

«ሃያ ዓመት የራሴን መረቅ በልቻለሁ» አለች ኦርፋ ሆዷን መታ አድርጋ። «ከዚህ ሥር መድፍም አይታይ።»

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ቁርስ ቤቱ በር ላይ ነበርን። ቨርሊን በዚያ እጁ መሪ መያዝ ስላልቻለ ካባው አሳርፎታል። የመጡት ሠራተኞች፣ ሆባርትም ጭምር፣ ከኋላችን ቆመዋል። ኦርፋ ያችኑ ጡብ የሚሏትን ሽጉጥ ከሽርጧ ሥር ታጥቃ ቁልፉን አወጣች። ሁላችንም እሷን ሳይሆን ቁልፉን ነው የምናየው። አልተንቀጠቀጠም። ቀጥ ብሎ ገባ፣ ዞረ፣ በሩ ተከፈተ።

«እጅሽ እንዴት አደረ?» አላት ቨርሊን።

ጣቶቿን ዘረጋች፣ ጨበጠች። «ቁንጫ ናት» አለችና ፈገግ አለች። «ያንተስ?»

ቨርሊን አፉን ከፈተ። የሚለውን የማያውቅ ስላልነበረ ሆባርት ቀድሞ በከንፈሩ ማለት ጀምሮ ነበር። ቨርሊን ግን ያበጠ እጁን አየ፤ ከዚያ የተከፈተውን በር፤ ከዚያ ሚስቱን።

«ያመኛል» አለ።

ማንም አልሳቀም። በዚህ ሰው ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ስቄበታለሁ፤ ገና እስቅበታለሁ፤ ግን እንደዚያች ማለዳ የወደድኩት ቀን የለም። ኦርፋ ወንበር ስባ አስቀመጠችው፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ እጁ ላይ አሰረችለት፣ ዳቦውንም እየቆረሰች አጎረሰችው። ምድጃው ጋ ሰው ስላልነበረ እኔ ሽርጥ ታጥቄ ገባሁና መረቁን አሳረርኩት። ሁሉም ሳህኑን ጠርጎ በላ።