ክቡር አቶ ውስጡ-ይታይ እና የእናቴ ጆሮ

በየቤተሰቡ አንድ አለ። በእኛ ቤት የለም ካላችሁ ወይ ገና አልተገለጠላችሁም፣ ወይ ሰውየው ራሳችሁ ናችሁ። "እስቲ ልየው" ብሎ ኮምፒውተራችሁን የሚቀበላችሁ፣ ሲመልስ ግን የማታውቁትን ኮምፒውተር የሚያስረክባችሁ ሰው ማለቴ ነው። ቀለሙ ተለውጧል፤ የምትነኩት ሁሉ ከነበረበት ቦታ የለም፤ እሱ ግን ትከሻችሁን መታ መታ አድርጎ "አሁን ነጻ ወጣህ" ይላችኋል። ከማን እጅ እንደወጣችሁ ለመጠየቅ እንዳትደፍሩ።

የእኛው የእህቴ ባል ናቸው። የኔትወርክ ባለሙያ ሲሆኑ፣ በአንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ በማነጋገር ይተዳደራሉ። ቤተሰቡ የሚያውቃቸው ግን "ክቡር አቶ ውስጡ-ይታይ" በሚለው የማዕረግ ስማቸው ነው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ግን የራሳቸው ነው። ምንም ነገር እጃቸው ከመግባቱ በፊት "ውስጡ ይታያል?" ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ፕሮግራም የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ተገልጦ፣ የፈለገ አንብቦት፣ የቻለ አሻሽሎት፣ ለሌላው ካላካፈለው እሳቸው ቤት ደጃፍ አይደርስም።

"ኮፈኑ የተበየደ መኪና ትገዛለህ?" ይሉኛል።

መኪና የለኝም። ይህ ግን ክርክሩን አግዶት አያውቅም።

አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ፍሪጅ ሊገዙ አብረን ሄድን። ሻጩን እንደ ልማዳቸው "ውስጡ ይታያል?" አሉት። ሻጩ ደስ እያለው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና "እንዴታ! የእንቁላል ቦታ ሁሉ አለው" አለ። ክቡርነታቸው አዝነው ወጡ። ያን ሰሞን እህቴ ቤት ወተት አላደረም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ጽሑፌን ለአዘጋጁ ላስረክብ ስል ማተሚያዬ እምቢ አለ። ክቡርነታቸው ደረሱልኝ። ደረሱልኝ ስል፣ በሌላው የዓለም ጫፍ ላለው ለማተሚያው ፕሮግራም ደራሲ መልእክት ጻፉ ማለቴ ነው። እኔ ጽሑፌን በእጄ ገልብጬ ከጨረስኩ በኋላ በሩጫ መጡ።

"መልስ ሰጠኝ! ሰውየው ራሱ!"

"ታዲያ ያትማል?"

"አይ፣ አያትምም። ግን ለምን እንደማያትም አሁን እናውቃለን!"

ፊታቸው እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

ማዕድ ላይ ከተቀመጡ ደግሞ የሚወዱት ርእስ ፕሮቶኮል ነው። "ፕሮቶኮል ሌላ ምንም አይደለም፤ የሰላምታ ሥርዓት ነው" ብለው ይጀምራሉ። "ስልክ ስታነሳ ምን ትላለህ?"

"አሎ።"

"እኔስ?"

"አሎ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንተ ከሆንክ እዘጋዋለሁ።"

አይከፋቸውም። "አየህ፣ መሣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ 'አለህ?' ይላል። ሌላው 'አለሁ፤ አንተስ ትሰማኛለህ?' ይላል። 'እሰማሃለሁ' ሲባባሉ ጨዋታው ይጀመራል። ሥርዓቱ ለሁሉም ከተነገረ ማንም ከማንም ጋር ይነጋገራል። የደበቀብህ ሰው ግን በገዛ ዕቃህ ላይ እንግዳ አድርጎሃል።"

እናቴ እኚህን ሰውዬ ትወዳቸው እንደሆነ ለብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር። ለጋብቻ ሲመጡ "እማዬ፣ እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ሁሉ ነገሬ ክፍት ነው" ቢሏት፣ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና "ክፍት ቤት ብርድ ይገባዋል" አለቻቸው።

እዚህ ላይ አንቱታውን ላንሣ። የሚቀጥለው ነገር አላሳቀንም።

እናቴ ጆሮዋ ደክሟል። የምትሰማው በጆሮ መስሚያ ነው፤ መስሚያውን ደግሞ ስልኳ ላይ ባለ ፕሮግራም ነው የምታዘው፦ አንድ ማስተካከያ ለቤት፣ አንድ ለመንገድ፣ አንድ ለትልቅ አዳራሽ። አንድ ቀን ከስብሰባ አዳራሽ እንደተመለሰች ስልኩ ከኪሷ ሾልኮ የልብስ ማጠቢያው ባልዲ ውስጥ ገባ፤ በዚያው ቀረ። አዲስ ስልክ ገዛንላት። ፕሮግራሙን ስንከፍተው "አገልግሎቱ ተቋርጧል" አለን። መስሚያውን የሠራው ድርጅት ለሌላ ተሽጦ፣ አዲሱ ባለቤት የድሮዎቹን ዕቃዎች እርግፍ አድርጎ ትቷቸዋል። የሸጠልን ሱቅ ብንሄድ "አዲስ ግዙ" ተባልን። ዋጋውን የሰማነው ተቀምጠን ነው።

መስሚያው የአዳራሹ ማስተካከያ ላይ እንደተቆለፈ ቀረ። እናቴ የጎረቤት በር ሲዘጋ ትሰማለች፤ አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጇን አትሰማም። መጀመሪያ ሳቀችበት። ቀጥላ ለሁሉም ነገር "አዎ፣ አዎ" ማለት ጀመረች። በኋላ ምግቧን መኝታ ክፍሏ አድርጉልኝ አለች።

በዚህ መሀል አንድ እሑድ እህቴ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘችና "እማዬ፣ አርግዣለሁ" አለቻት። ስንት ዓመት የጠበቁት ነገር ነው። እናቴ ፈገግ ብላ "አዎ ልጄ፣ በሩን ዝጊው" አለቻት። እህቴ ተነሥታ በሩን ዘጋች፤ ከውጭ በኩል። ኮሪደሩ ላይ ስታለቅስ አገኘኋት።

"ጮክ ብለሽ ንገሪያት፤ ካልሆነ ጻፊላት" አልኳት።

"እንዲህ ያለ ነገር በጩኸት አይነገርም፤ በወረቀትም አይነገርም። ስትሰማኝ እነግራታለሁ" አለች። "ሆዴ ካልቀደመኝ።"

ባሏ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰምቷል። ኮምፒውተሩን አምጥቶ እናቴ ሳሎን ውስጥ ዘረጋ።

በየአገሩ የተበተኑ፣ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ለዚሁ ድርጅት መስሚያዎች በትርፍ ጊዜያቸው የጻፉት ፕሮግራም አገኘ። ውስጡ የሚታይ፣ በነጻ የሚሰጥ። የእናቴን ዓይነት መስሚያ ግን አያውቀውም። "'አለህ?' ስለው 'አለሁ' ይለኛል" አለኝ ግንባሩን እያሸ። "ወሬ ስጀምር ግን ያኮርፋል።"

"እኔም አንተ ላይ እንደዚያው ነኝ" አልኩት። አልሳቀም። ዝም ሲል አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁ።

ለሰዎቹ ጻፈላቸው። ከሩቅ አገር አንዲት ጡረታ የወጣች መምህር መለሰችለት፤ መስሚያዋ ከእናቴ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የድሮው ስልኳም ከነፕሮግራሙ ገና ይሠራል። ስልኳና መስሚያዋ ሲነጋገሩ የሚለዋወጡትን ቀድታ ላከችለት። የእሷን ከእኛ ጋር መስመር በመስመር ሲያስተያይ ሰነበተና አንድ ከሰዓት በኋላ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ለካ ሰላምታ ጎድሎ ነው!"

"ምን?"

"'አለሁ' ካለ በኋላ 'ማን ልበል?' ይላል! እኛ ስማችንን ሳንነግረው ትእዛዝ እንሰጠዋለን። ማን ብሎ ይታዘዘን?"

የጎደለችውን ሰላምታ ፕሮግራሙ ውስጥ ጨመራት። መስሚያውን መጀመሪያ የሞከረው በራሱ ጆሮ ነው፤ ማንኪያ ሲወድቅ እሱም አብሮ ዘለለ። ቀነሰ፣ ጨመረ፣ እንደገና ቀነሰ። የእናቴ የጆሮ ሐኪም ድምፁን ለክታ "ይሁን" እስክትል ድረስ ግን ለእናቴ አልሰጥም አለ።

ከዚያ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሳለ መስሚያውን አደረገላትና ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ "እማዬ፣ ይሰማዎታል?" አላት።

"ምን ታንሾካሹካለህ? ሌባ ነህ እንዴ?" አለችው።

እሱም በእጁ ወደ ሚስቱ ጠቆመ። እህቴ ከእናቴ እግር ሥር ቁጭ አለች።

"እማዬ፣ አርግዣለሁ።"

እናቴ እጇን የእህቴ ሆድ ላይ አደረገች። "አንቺ ልጅ! ይህን ያህል ጊዜ ደበቅሽኝ?" አለቻት።

"አልደበቅኩሽም፤ ነግሬሽ ነበር።"

"ምን አልኩሽ?"

"በሩን ዝጊው አልሽኝ።"

እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ የአማቿን እጅ ሳበችና ሳመችው። "እጅህ ይባረክ። ለዚያች ለመምህሯም ንገራት፤ ጆሮዋ ይባረክ።" እሱም ቃል በቃል ጻፈላት። ያገኛትንም ሰላምታ ለፈለገ ሁሉ ይሁን ብሎ ለሰዎቹ ሰጠ። በሳምንቱ አንድ የማናውቀው ሰው "አባቴ ዛሬ ስሜን ስጠራው ዞር አለልኝ" ብሎ ላከለት። ይህን ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበልን።

በቀደም ሰውዬው ለሥራ ከከተማ ወጣ፤ እኛ እናቴ ቤት ለምሳ ተሰበሰብን። ትንሽ እንደበላን እናቴ መስሚያዋን ከጆሮዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

"እስቲ እየው፤ የተበላሸ መሰለኝ።"

ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። የሹካው ድምፅ ይሰማል፤ የግድግዳው ሰዓት ይሰማል፤ እህቴ ውሃ ስትውጥ ሳይቀር ይሰማል።

"ደህና ነው እኮ እማዬ።"

"ታዲያ ቤቱ ለምን ጭር አለብኝ?"

እርስ በርስ ተያየን። ስልኬን አወጣሁ፣ ደወልኩለት፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሳህኖቹ መሀል አቆምኩት፤ አንድ ነገር እንዲያስረዳን ጠየቅሁት። ምን ብዬ እንደጠየቅሁት አሁን ትዝ አይለኝም። ምሳውን የጨረስነው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።