ሰጥተው የማይለቁት እትዬ ሃጂራ

በዚህ ዓለም ላይ ከማይሰጥ ሰው የባሰ አንድ ፍጡር አለ፤ ሰጥቶ የማይለቅ ሰው። ንፉጉን ታውቁታላችሁ፣ ተስፋችሁን ቆርጣችሁ ትሄዳላችሁ። ይኸኛው ግን ጃንጥላውን ያውሳችኋል፣ ከዚያም «ቀና አድርገህ ያዘው እንጂ!» እያለ እስከ ቤታችሁ ድረስ በዝናቡ ውስጥ ይከተላችኋል። ድስት ያዋሰች ሴት ወጡ እስኪበስል ምድጃው አጠገብ ቆማ እሳቱን ስትቆጣጠር ያላየ ካለ እጁን ያውጣ።

የዚህ ወገን ንግሥት፣ ሊቀ መንበርና የበላይ ጠባቂ ክብርት እትዬ ሃጂራ ናቸው። አራዳ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ከሱቁ ጓሮ ይኖራሉ፤ እኔ ሃያ ዓመት አውቃቸዋለሁ። ከእሳቸው የተገዛ መጋረጃ ቤታችሁ ከተሰቀለ በኋላም የእሳቸው ነው። አማቴ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ፤ ሐዘናቸውን በወጉ ገለጹ፤ ከዚያ ብድግ ብለው ለቀስተኛው ሁሉ እያየ መጋረጃችንን አስተካከሉ። «እንዲህ ብላችሁ ስቀሉት ብዬ አልነበረም የሸጥሁላችሁ» አሉ።

እንግዲህ እኒህ ሴት ናቸው «ድመት እሰጣለሁ» ብለው የተነሡት።

ድመቷ ዳልቻ ትባላለች። ባለፈው ክረምት ከሱቃቸው ፊት ለፊት ባለው ቦይ ውስጥ አረፋ እየደፈቀች ስትንፈራገጥ፣ ሰዉ «እብድ ውሻ ነክሷት ነው» ብሎ ድንጋይ አነሣ። እትዬ ሃጂራ ሦስት ሜትር አቡጀዴ ቀደው ጣሉባት፤ ጠቅልለው በባጃጅ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ አደረሷት። ሐኪሙ አሥር ቀን አቆይቶ አያት። እብደት አይደለም፤ የሚጥል በሽታ ነው። ጠዋት በአንድ ሰዓት የክኒን ሩብ፣ ማታ በአንድ ሰዓት የክኒን ሩብ፣ ዕድሜ ልኳን። ከተዘለለ ትወድቃለች፤ ደጋግማ ከወደቀች ትሞታለች።

እትዬ ሃጂራ ደግሞ አስም አለባቸው። ከድመት ፀጉር ጋር ስድስት ወር ከኖሩ በኋላ ደረታቸው እንደ ወናፍ ያፏጭ ጀመር፤ ትራስ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ያድራሉ። የእሳቸው ሐኪም በመጨረሻ «ከዚህ ቤት ወይ ድመቷ ትወጣለች፣ ወይ እርስዎ ይወጣሉ፤ እርስዎ የሚወጡት ግን በእግርዎ አይደለም» አላቸው።

ለዳልቻ ቋሚ ቤት መፈለግ ግድ ሆነ። በሽተኛ ድመት ማን ይወስዳል ስንል፣ ተአምር ነው፣ ፈላጊ ተገኘ። እትዬ ሃጂራ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሽማግሌ ይላክ!»

ልብ በሉ፤ ለድመት ነው። «ልጅ ሲዳር ሽማግሌ አይላክም? ልጅስ ቢከፋት ተመልሳ ትመጣለች። ይቺ መንገዱን አታውቀው!» ይላሉ።

የመጀመሪያው ጠያቂ አያ ክንዱ ነበሩ፤ ከአምባ ጊዮርጊስ እህል ይዘው ገበያ የሚመጡ ገበሬ። ሽማግሌ እኔ ሆንሁ፤ ጨዋታ የሚሰማበት ቦታ ከተጠራሁ እምቢ ማለት አልችልም። ሙሽራ ከሽማግሌው ጋር አይመጣም፤ አያ ክንዱ ግን የመኪና ሰዓት እንዳያልፍባቸው ብለው አብረውኝ መጡ። እኔም ወጉን ጠብቄ «ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም» አልሁ።

«ቁሙ» አሉ እትዬ ሃጂራ።

ሃያ ደቂቃ ቆምን።

«አያ ክንዱ፣ ድመት ለምን ፈለጉ?»

«ጎተራዬን አይጥ ፈጀው። ሸጋ ድመት ናት ሲሉ ሰማሁ።»

«ታማሚ ናት እንጂ ሠራተኛ አይደለችም። እሺ፣ ስትወድቅ ምን ያደርጋሉ?»

«ክብሪት ጭሬ አፍንጫዋ ሥር እይዝላታለሁዋ!» አሉ አያ ክንዱ፤ ያገራችን ሰው ሁሉ የሚያደርገውን።

እትዬ ሃጂራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ያ እኔ አርባ ጊዜ የሰማሁት ትምህርት ተጀመረ። «ክብሪት የለም! ጨምድዶ መያዝ የለም! አፏ ውስጥ ማንኪያ መክተት የለም! የሚመታትን ነገር ማራቅ፣ ከሥሯ ጨርቅ ማንጠፍ፣ ሰዓት ማየት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት። አለቀ!»

«ጠበልስ?» አሉ አያ ክንዱ ቅር ብሏቸው።

«ጠበልም ይውሰዷት። እኔም ዱዓ አስደርጌላታለሁ። ክኒኑን የሚሰጣት ማን ነው?»

አያ ክንዱ ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ ምነው ወደዚህ አመጣኸኝ? አይጦቹን ብቀልብ ይሻለኛል» ብለው ወጡ። እኔን የላኩኝ እሳቸው መሆናቸውን ረሱት።

ሁለተኛዋ ፀደይ የምትባል ነርስ ናት። ነርስ! ከዚህ በላይ ምን ይመጣል? «ተረኛ ስትሆኚ ማታ በአንድ ሰዓት ማን ይሰጣታል?» ተባለች። «እናቴ» አለች። «እናትሽን አምጫት።» እናትየዋ መጡ። መነጽር ያደርጋሉ። «እኒህ የክኒን ሩብ በየት በኩል ያያሉ?» ተብለው እናትና ልጅ ተሰናበቱ።

ሦስተኛው ሰውአገኝ ነው፤ ቁስቋም የእንግዳ ማረፊያ ያለው፣ ሲሰድቡት የሚያመሰግን ትዕግሥተኛ ሰው። አለፈ! ዳልቻ ተዳረች። እኔም ከሽምግልና ጡረታ ወጣሁ ብዬ ደስ አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን እትዬ ሃጂራ አምስት ጊዜ ደወሉለት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት በአንድ ሰዓት በሩ ላይ ቆመው ክኒኑ በትክክል ለአራት መከፈሉን አረጋገጡ። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ቤቱ ገብተው አንዱን እንግዳ «ቦርሳህን አንሣ፣ ትደናቀፍበታለች» አሉት። በአራተኛው ቀን ሰውአገኝ ድመቷን በካርቶን ይዞ ቤቴ መጣ።

«መምህር፣ ያጋባኸን አንተ ነህ፣ አፋታን። ድመቷን እችላታለሁ። እትዬ ሃጂራን ነው ያልቻልሁት።»

ካርቶኑን ይዤ እየነደድሁ ሄድሁ። እትዬ ሃጂራ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ባንኮኒውን ተደግፈው ይተነፍሳሉ፤ መተንፈስ ከተባለ። የቁስቋምን ዳገት ለአራት ቀን ሲመላለሱበት ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

«ለማንም የማይሰጡ ከሆነ ሽማግሌ ለምን ያደክማሉ?» አልሁ ጮኼ። «እየሞቱ እኮ ነው!»

«አንተ» አሉ፣ በየቃሉ እየቆሙ፣ «ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ሆነህ መጣህ። ሦስቱንም... ለሰው። ለራስህ ምነው አትጠይቅ?»

ይህን ሲሉ ካርቶኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ ሃጂራ ሊነሡ ሞክረው አልቻሉም፤ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ካርቶኑን ቀደድሁት። አጠገቧ የነበረውን ሌላ በርጩማ ገፋሁ፣ እጄ የደረሰበትን ጨርቅ ስቤ ከሥሯ አነጠፍሁ፣ ሰዓቴን አየሁ። አልያዝኋትም። እግሮቿ አየሩን ሲቧጥጡ ዝም ብሎ ማየት እንዴት እንደሚከብድ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«አንድ ደቂቃ ከሃያ» አልሁ፣ ዳልቻ ጋብ ስትል።

እትዬ ሃጂራ ያነጠፍሁትን ጨርቅ አዩ። ለሙሽራ ካልሆነ ከመደርደሪያ የማያወርዱት ሐር ነበር።

«ውሰዳት» አሉ።

ባለቤቴ ባንቺአየሁ በሩን ከፍታ እኔንም ድመቷንም ደጋግማ አየች። «ሽማግሌ ሆነህ ሄደህ ሙሽራዋን ይዘህ መጣህ?» አለች።

መከራዬ ከዚያ ጀመረ። ፀጉር ያለበት ቤት መግባት ስለተከለከሉ፣ እትዬ ሃጂራ ማታ ማታ በአንድ ሰዓት ጭምብል አድርገው ከመስኮቴ ውጭ ይቆማሉ። «ከፍ አድርጋት!» አደርጋታለሁ። «ከስታለች።» አልከሳችም። «ክኒኑን በጉበት ጠቅልለህ ነው የሰጠሃት በቅቤ?» በጉበት። «አዙራት እስቲ!» አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይስቃል፤ እኔ፣ የሠላሳ ዓመት መምህር፣ ድመት ሳዟዙር። ይባስ ብሎ ደረታቸውን ተሻላቸው። በፊት በየቃሉ ይቆሙ ነበር፤ አሁን የስድቡን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። ለሰፈሩ ትልቅ ጉዳት ነው።

ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ሰዓት ሲሞላ ክኒኑን ሰጠሁ፣ ዳልቻን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ቆምሁ። ውጭ ማንም የለም።

«ማንን ነው የምታሳየው?» አለች ባንቺአየሁ።

«ማንንም።» እጄ ሲዝል ግን ደወልሁ። «እትዬ ሃጂራ፣ ምነው ቀሩ? አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ። ከእንግዲህ ብመጣ ባልመጣ ምን ያደርጋል ብዬ ነው። አመንሁህ እኮ መምህር። ዳልቻ ያንተ ናት።»

ሁለት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ይኸው ነበር። በአንድ ሰዓት እግሬን ዘርግቼ ዜና የማይ ነፃ ሰው ሆንሁ ማለት ነው።

«ጥሩ» አልሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «የዛሬውን ክኒን ግን ትንሽ አዘግይቼዋለሁ።»

«ስንት?» አሉ።

«አሥራ ሁለት ደቂቃ» ብዬ ዋሸሁ። «ሩቡም ትንሽ ተለቅ ያለ መሰለኝ።»

የሱቁ ቆርቆሮ በር በኃይል ሲዘጋ በስልኩ ሰማሁ፤ ቀጥሎ «ባጃጅ! አንተ ባለባጃጅ!» የሚል ድምፅ። ዳልቻን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ተመለስሁ።