የቀኙ ሞላ

«ይችላል» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሚኒባሱ ሞልቶ በሩ አልዘጋ ሲል «ይችላል» ይላል። አጥሩ ሲዘም «ይችላል» ይላል። ብረቱም እንጨቱም እሱን አማክሮ ያደረ ነው የሚመስለው። እኔ እንዲህ ያለ ሰው በቅርብ አውቃለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ዳገት በባለአራት ጎማ ሞተር ሲሚንቶ ያመላልስ ነበር። ጭነት ሲከብድ የኋላዎቹን ሁለት ሞላዎች እኩል ማጥበቅ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ሞተሩ ወደ ላላው በኩል ያዘነብላል። ማጥበቁ የኔ ሥራ ነበር። በዚያ ጠዋት ግራውን አጠበቅሁ። የቀኙ ማጥበቂያ ቀለበት ግን ጭቃ ደርቆበት አልዞር አለኝ።

«ጨረስክ፣ ኢንጂነር?» አለኝ ወንድሜ እየሳቀ።

«አንዱ ቀርቷል። ግን ይችላል።»

«አንተ ካልክ ይችላላ!» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ጭቃውን ለማራስ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃ ነበር። ቧንቧው ደግሞ አጠገቤ ነበር። ሞተሩ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ በቀኝ በኩል ተገለበጠ። ወንድሜ ከሥሩ በሕይወት አልወጣም።

ለቅሶው ላይ አራት ሰው ወደተቀመጠበት አግዳሚ አንድ ጎረቤት አንዲት አሮጊት ይዞ መጣ። «ጠጋ በሉላቸው፣ ይችላል!» አለ። እኔ ተነሳሁና በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ተንበርክኬ የአግዳሚውን እግሮች አንድ በአንድ መነቅነቅ ጀመርኩ።

«ተው ልጄ፣ ይችላል እኮ» አሉኝ አሮጊቷ።

«ይቆዩ እማማ» አልኳቸው፣ «የቀኙን ሳላይ እንዳይቀመጡ።»