ነርሷን ፉከራ ያስተማርኋት ጊዜ

እኛ የቡሬ ዙሪያ ሰዎች አንድ በሽታ አለብን፤ መድኃኒቱም እስካሁን አልተገኘም። ያለንን የለንም እንላለን። ጎተራው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ በቆሎው በቀዳዳ አሾልኮ መንገደኛ የሚያይበትን ገበሬ «አዝመራው እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «እንዲያው ለዘር ያህል ትገኝ ይሆናል» ይላችኋል። ጠላ የጠመቀች ባልቴት ቤት ግቡ፤ «ይኸ እንኳ ጠላ አይባል፣ ውኃ ነው፣ አፈርሁ» እያለች ትቀዳላችኋለች። ሁለተኛውን ዋንጫ ስትጨርሱ በሩ ከነበረበት ይጠፋል። እኔ አንድ ቀን የዚያችን «ውኃ» ጠጥቼ፣ የራሴን በቅሎ «ደኅና ይዋሉ እሜቴ» ብዬ ተሰናብቼ በእግሬ ሄጃለሁ። በቅሎዋም ጨዋ ናት፣ አጸፋውን እጅ ነስታኛለች።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሕዝብ «እስቲ ስለ ራስህ መልካም መልካሙን ተናገር» የሚል ፈተና ቢቀርብለት ምን ይሆናል?

ይወድቃል።

እናትነሽ የእህቴ የጥሩዬ ልጅ ናት። ቡሬ ላይ ነርስ ነበረች፤ እጇ የተባረከ ነው። እኔ የደም ግፊት አለብኝ። ስትለካኝ «አያ ቸኮል፣ ዛሬ ስንት ውሸት ዋሹ?» ትለኛለች፤ እኔ ስስቅ ግፊቱ አፍሮ ይወርዳል። መርፌዋንማ ወግታኝ ከጨረሰች በኋላ «አሁንስ ምን ትጠብቂያለሽ? ውጊኝ እንጂ!» ብዬ የተቆጣሁበት ቀን አለ።

አባቷ ከሞተ ወዲህ የእናቷም የታናናሾቿም ተስፋ እሷ ናት። ስለዚህ አየርላንድ ሄዳ ልትሠራ ቆረጠች። አየርላንድ ማለት እንደ ጣናችን ደቅ ዙሪያዋን ውኃ የከበባት ደሴት ናት አሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ሐምሌ ነው። አዛውንቱ በዝቶ የሚያነሣ የሚያገላብጠው እጅ ስላነሰ፣ ነርስ ከየአገሩ ይለቅማሉ። እናትነሽ የእንግሊዝኛውን ፈተና አለፈች፣ ወረቀቱንም አሟላች። የቀራት በስልክ መስኮት ፊት ለፊት እየተያዩ መጠየቅ ብቻ ነበር።

ጠየቋት። «ጥንካሬሽ ምንድን ነው?» አሏት። የጨዋ ልጅ ናትና አንገቷን ደፍታ «እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ ከእኔ የሚበልጡ አሉ» አለች። «ታዲያ ሌሎቹን ትተን አንቺን ለምን እንውሰድ?» ቢሏት «ሌሎቹን ብትወስዱም አልቀየምም» አለቻቸው። ቀጥለው «ድክመትሽስ?» አሏት። አሃ! ይኼ የምናውቀው ነው! ልጅቱ እፎይ ብላ ጀመረችላቸው፤ ቶሎ መቆጣቷን፣ እንቅልፍ መውደዷን፣ ጽሕፈቷ አለማማሩን፣ ልጅ ሳለች ጥጃውን ሳታስር ረስታ ወተቱን ማስጠባቷን ሳይቀር ዘረገፈችው። የነፍስ አባቷ እንኳ ይህን ሁሉ አልሰሙም።

ብዙም ሳይቆይ «አልተሳካልሽም» የሚል መልእክት መጣ። ደግነቱ አንድ ዕድል ጨመሩላት፤ ያም ካመለጠ ደጁ ይዘጋል።

ገጠር መጥታ ለእናቷ እያለቀሰች ነገረቻት። ጥሩዬም «ደግ አደረግሽ! እኔ ራሷን የምታሞግስ ሴት አላሳደግሁም» አለች። ወዲያው እሷም ማልቀስ ጀመረች።

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ እንግሊዝኛም አልሰማም። በማጋነን ግን በምዕራብ ጎጃም አቻ የለኝም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በበጋ ሲሳሳ ከእኔ ወሬ ቀድተው ይጨምሩበታል ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ።

«ስሚኝ እናትነሽ» አልኋት። «በአገራችን ራስን ማመስገን ነውር የማይሆንበት አንድ ቦታ አለ።»

«የት ነው እሱ?»

«ፉከራ ላይ። ያ ‹ለዘር ያህል› ባዩ ገበሬ ሠርግ ላይ ዱላውን ነቅንቆ ዘራፍ ሲል ማን ነውረኛ አለው?»

«አያ ቸኮል ደግሞ! እኔ ማንን ገደልሁ ብዬ ልፎክር?»

«አንቺ የምትፎክሪው ባልገደልሻቸው ነው! ያን ክረምት ባጃጁ ጭቃ ሲውጠው እዚያው ባጃጁ ውስጥ ያዋለድሻት ሴት ሞተች? ልጁስ? ትናንት ዶሮዬን ሲያሳድድ አላየሁትም?»

ወደ በረቱ ጀርባ ወስጄ ዱላዬን አስያዝኋት። መጀመሪያ ላይ ድምጿ ለዝንብ እንኳ አይሰማም ነበር። ደጋግሜ ባስጮኽኋት ጊዜ ግን፦

«ዘራፍ የጥሩዬ ልጅ!
በዝናብ በጭቃ፣ በባጃጅ አዋላጅ!»

አለችው። በሬው ማመስኳቱን አቆመ። ጎረቤታችን ጠብ መስሎት አጥር ዘሎ ደረሰ። ጥሩዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና «ጉድ! ጉድ!» ትላለች፤ በነጠላው ቀዳዳ ግን ታያለች።

ቀኑ ደረሰ። ቡሬ ከተከራየችው ክፍል ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማ ተቀመጠች። እኔም ጠያቂዎቹ እንዳያዩኝ ከስልኩ ጀርባ ዱላዬን ይዤ ቆምሁ። ፊቷን እያየሁ ነው። የጥንካሬው ጥያቄ መጣ መሰለኝ፣ አንገቷ መደፋት ጀመረ። አለቀልን! ዱላዬን ወደ ላይ ነቀነቅሁት። ከማዳበሪያ ከረጢት የተሠራው ኮርኒስ ተቀደደና የስንት ዘመን አቧራ ከአናቴ ወረደ። ልጅቱ ፈገግ አለች። አንገቷ ቀና። ከዚያ ተናገረች!

እንግሊዝኛ ባልሰማም ፉከራ ግን አይጠፋኝም። መሐል ላይ «ባጃጅ» ስትል ሰማሁ። እጇ ጭቃውን አሳየ፣ ሕፃኑን ተቀበለ፣ በራሷ ነጠላ ጠቀለለ። ስትጨርስ ልማድ ነውና «በለው!» ብዬ ጮኽሁ።

ከስልኩ ውስጥ የምትጠይቃት ሴትዮ የጮኸው ማን እንደሆነ ጠየቀች። እናትነሽ በኋላ እንደነገረችኝ «ታካሚዬ ናቸው፤ ግፊት አለባቸው» ነው ያለችው። ድክመቷን ሲጠይቋት ፊቷ እፎይ ሲል ዐውቄ፣ «አንድ ብቻ!» ለማለት አንድ ጣቴን ቀሰርሁ። «ሲያመሰግኑኝ አፍራለሁ» ብላ ዝም አለች።

አለፈች። ጥሩዬ ሽኝቱ ላይ «ልጄ እንኳ ይኼን ያህል አትችልም» እያለች ለመጣው ሁሉ ስትናገር ዋለች። እናትነሽም ከአየርላንድ ደውላ «አያ ቸኮል፣ የዚህ አገር ሽማግሌዎች የእርስዎ ቢጤ ናቸው፤ መርፌ ሲያዩ ወሬ ይጀምራሉ» አለችኝ።

በቀደም ግፊቴን ልለካ ቡሬ ወረድሁ። በእናትነሽ ቦታ አንድ ጎልማሳ ነርስ ገብቷል። ክንዴን እንደ እንቁላል ነው የያዘው። ስሜን ሲሰማ ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያ ቸኮል፣ እኔንም ሰሞኑን ለአየርላንድ ሊጠይቁኝ ነው። ያችን ፉከራ...» አለኝ።

«ለመሆኑ ጎበዝ ነርስ ነህ?» አልሁት።

«ኧረ እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ ከእኔ የሚበልጡ አሉ።»

ወይ ጣጣ! ጎበዝ ነው ማለት ነው። ባላስተምረው ኃጢአት፣ ባስተምረው ደግሞ ክንዴን ለማን ልዘረጋ ነው?

መለኪያውን እያየ «ግፊትዎ ጨምሯል» አለኝ።

«ይጨምራል እንጂ!» አልሁት፣ ዱላዬን እያቀበልሁት።