በሰባት ቤት የተቀመጠ ፍላሽ

በየቤተሰቡ ምንም ነገር እንዲጠፋ የማይፈቅድ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው የታላቅ እህቴ ባል ነው። ውሃ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ፣ ከመሬት በታች የተቀበረውን ቧንቧ ሁሉ በኮምፒውተር ካርታ ላይ ያሰፍራል። እኛ «ክቡር ኮፒ» እንለዋለን። ምንም ነገር ቢያሳዩት የመጀመሪያ ጥያቄው «ሌላ ቦታስ አለ?» ነው።

ይህ አመል የያዘው የሦስት ዓመት ሥራው የነበረበት የመሥሪያ ቤቱ ሃርድ ዲስክ አንድ ጠዋት ቀጭ ቀጭ ብሎ ከሞተበት ወዲህ ነው። ቀስ በቀስ ሁሉን እንደገና ሠርቶ፣ በሰባት ፍላሽ ገልብጦ ለሰባት ዘመድ አደለ። የእኔን ሲያስረክበኝ ራም የሚባለው የኮምፒውተር ጊዜያዊ ማስታወሻ መብራት ሲጠፋ ሁሉን እንደሚረሳ፣ ሲዲ ሲጫር እንደሚበላሽ፣ ፍላሽም ለዓመታት ሳይሰካ ከቆየ የያዘውን ሊጥል እንደሚችል ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ይሰካል፤ «በሕይወት አለ» ብሎ ይሄዳል። ምን እንዳለበት ስጠይቀው «ቧንቧ ነዋ» ከማለት አያልፍም። ለቧንቧ ይህን ያህል? ነገሩ ይከነክነኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር በተበላሸበት ሳምንት ትልቁ ቧንቧ ፈነዳ። ውሃው ወደ ሰፈሩ ማዋለጃ ክሊኒክ ይወርዳል፤ መዝጊያው የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። ክቡር ኮፒ መጀመሪያ እናቴ ጋ ደወለ፤ እንዳይጠፋ ብላ የት እንደደበቀችው ረስታለች። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ካርታውን አጥፍቶ ዘፈን ሞልቶበታል። እስከ ጉልበቱ ርሶ እኔ ቤት ደረሰ።

ፍላሹን ሲከፍት ከጀርባው ቆሜ አየሁ። ካርታው አለ። ከካርታው በታች ደግሞ በእኔ ስም የተሰየመ ፎልደር።

ከሰዓት በኋላ መዝጊያው ተገኝቶ ውሃው ሲቆም ፍላሹን ሊመልስልኝ መጣ፤ ስለ ፎልደሩ ጠየቅሁት። ውስጡ ያሉት በሃያ ዓመቴ፣ አንዲት ልጅ እምቢ ብላኝ ሳለ፣ በእሱ የቤት ኮምፒውተር ላይ የጻፍኳቸው አርባ ግጥሞች ናቸው። ከምድረ ገጽ ጠፍተዋል ብዬ ስንት ዓመት በሰላም ተኝቻለሁ።

«ጋሼ፣ በሰባቱም ቤት አሉ?»

«የሰው ልፋት አይደለም እንዴ?» አለ፣ ካልሲውን እየጨመቀ። «እንዴት ይጠፋል?»

እንዲያጠፋልኝ ልለምነው አስቤ ተውኩት። ሰውየው ሲሄድ ከፍቼ አነበብኳቸው። ሁለተኛው ያን ያህል መጥፎ አልነበረም።