ክቡር በአንዴ እና ትልቁ ቁልፍ

ክቡር በአንዴ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። አንዲት አምፖል ብትቃጠል የቤቱን አምፖል ሁሉ የሚቀይር፣ ግድግዳ ላይ ያለች ነጥብ ለማጥፋት ቤቱን በሙሉ ቀለም የሚቀባ ሰው ነው። «በአንዴ ልገላግላችሁ!» ካለ መገላገሉ ቀርቶ ምጥ ይጀመራል።

የእኛው በአንዴ ፕሮግራመር ነው። የቡድኑ አለቃ፣ ለደንበኛ በሚሠሩት የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ቃል ፈልጎ በሌላ የሚተካ መሣሪያ እንዲጨምር ስታዘው፣ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ቁልፍ መዳፍ የሚያህል አድርጎ መሀል ላይ ገተረው። አንድ በአንድ የሚተካውን ጥግ ውስጥ ወሸቀው።

«ሰው የሚቀይረውን ማየት የለበትም እንዴ?»

«አለቃዬ፣ አንድ በአንድ ሲል ዕድሜው ያልቃል!»

አለቃ ልቧ አላረፈም። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ጠርተው፣ «ዛሬ መሣሪያውን ሊሞክሩ የሚመጡት ደንበኛ ፊት ይህ ልጅ ካዋረደን፣ ከሥራው ይሂድ ወይ ይቆይ፣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ» ብለዋታል። ስለዚህ ደንበኛዋ ሳይመጡ ራሷ ሞከረችው። «ደንበኛ» የሚለው ሁሉ «ክቡር ደንበኛ» እንዲሆን አዘዘች። መሣሪያው በተካ ቁጥር ፍለጋውን ከመጀመሪያው ስለሚጀምር፣ ራሱ የጻፈውን «ደንበኛ» መልሶ አገኘና ሌላ «ክቡር» ደረበለት። ክቡር ክቡር ክቡር ደንበኛ። ስክሪኑ በክብር ተጥለቀለቀ፤ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ።

«ሰው አክባሪ ነው» አለ ክቡር በአንዴ፣ ቅንጣት ሳያፍር። ቁጭ ብሎ ግን ፍለጋው ከተካው ቃል አልፎ እንዲቀጥል አደረገ። ደንበኛዋ ደረጃውን ሲወጡ ጨርሶ ነበር።

ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የድርጅታቸውን ኮድ ከፈቱና፣ የሚፈለገውን ቃል ጽፈው በምትኩ የሚገባውን ሳይጽፉ ትልቁን ቁልፍ ተጫኑት። የፈለጉት ቃል ከየቦታው እልም አለ።

«ወይ ጉዴ! የስንት ሰው ልፋት!» ፊታቸው አመድ መሰለ። አለቃም ክው አለች።

«አይዞዎት እናቴ፣ በአንዴ ልገላግልዎት» አለ ክቡር በአንዴ፤ «መልስ» የሚለውን ቁልፍ አንዴ ነካ። የጠፋው ሁሉ ቦታ ቦታው ተመለሰ።

ሁሉን በአንድ ንክኪ የሚመልሰውን ይህን ቁልፍ እንዲሠራ ማንም አላዘዘውም። ሴትዮዋ መርቀውት ከሄዱ በኋላ አለቃ፣ «እንዴት አሰብከው?» አለችው።

«እኔን የመሰለ ችኩል ይጠቀምበታል ብዬ ነዋ! ተጭኜ ያልተጸጸትኩበት ቀን አለ?»

ሳቋ አመለጣት። ለካስ ይህን መከረኛ እንደ ታናሽ ወንድሟ ትወደዋለች። «ቁልፉን ግን አሳንሰው» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ አገኟት። «እህ? እስከ ነገ አስቢበትና ንገሪኝ።»

«በአንዴ ልገላግልዎት» አለች፤ «ይቆይልኝ።»